አንድ ስም፣ ብዙ በሽታ፦ ጂኖች ስለ አጣዳፊ የደም ካንሰር የሚነግሩን

አጣዳፊ ማይሎይድ ሉኪሚያ የተገኘበት ጎልማሳ፣ አቅሙ ከቻለው፣ ሕክምናው ዛሬም በአብዛኛው የሚጀመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በተቀመረ መድኃኒት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሳይታራቢን ለ7 ቀን በደም ሥሩ ይገባለታል፤ ከ7ቱ በ3ቱ ቀን ደግሞ ዳውኖሩቢሲን ይጨመርለታል። መድኃኒቱ ያው፣ መጠኑ ያው፣ በማይክሮስኮፕ የታየውም ሕዋስ ያው ሆኖ ሳለ አንዱ ሕመምተኛ ድኖ ልጆቹን ይድራል፤ ሌላው በዓመቱ በሽታው አገርሽቶበት ያርፋል። ለብዙ ዘመን ቤተሰብ “ለምን?” ብሎ ሲጠይቅ ሐኪሙ የሚመልሰው እምብዛም አልነበረውም። ዛሬ የመልሱ ትልቅ ክፍል በራሱ በካንሰሩ ሕዋስ ውስጥ እንዳለ እናውቃለን፤ የትኞቹ ጂኖች ነቅተዋል፣ የትኞቹስ ተኝተዋል የሚለው ነው።

ሉኪሚያ የሚነሣው ደም ከሚመረትበት ከአጥንት መቅኔ ነው። በጤነኛ መቅኔ ለጋ ሕዋሳት ደረጃ በደረጃ በስለው ቀይ የደም ሕዋስ፣ ነጭ የደም ሕዋስና ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት ይሆናሉ። በአጣዳፊ ሉኪሚያ ለጋዎቹ መብሰሉን ትተው መባዛቱን ብቻ ይይዛሉ፤ መቅኔውን ሞልተው ለጤነኛው ቦታ ያሳጡታል። ሰውየው ደም ያንሰዋል፣ ይደክመዋል፤ ትኩሳትና ኢንፌክሽን ይመላለስበታል፤ ድዱና አፍንጫው ይደማል። ይህ ሁሉ በሳምንታት ውስጥ ሊከፋ ይችላል። አጣዳፊ ሉኪሚያ ሁለት ዋና ወገኖች አሉት። ሊምፎይዱ በልጆች ላይ ይበዛል፤ ማይሎይዱ በጎልማሶችና በአረጋውያን ላይ። በአሜሪካ ማይሎይዱ ከተገኘባቸው ሰዎች 5 ዓመት የሚሻገሩት ከሦስቱ አንዱ ገደማ ናቸው። ይህ ቁጥር ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል። ከዘጠና በመቶ በላይ የሚድኑበት ዓይነትና ከአሥሩ አንዱ እንኳ 5 ዓመት የማይደርስበት ዓይነት በዚያ በአንድ ስም ሥር ተጠቃለዋል።

ሕዋሶቻችን፣ ከጥቂቶቹ በቀር፣ የያዙት ዲ ኤን ኤ አንድ ነው። የዓይንም፣ የጉበትም፣ የመቅኔም ሕዋስ የተሸከመው ያንኑ ወደ 20,000 የሚጠጋ ጂን ነው። ሙሉ ዳዊት በእጁ ያለ ሰው በየዕለቱ የዕለቱን ክፍል ብቻ እንደሚደግም፣ ሕዋስም ከያዘው ጂን ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ ያነባል፤ ሌላውን ዘግቶ ያስቀምጠዋል። ጂን ሲነበብ አር ኤን ኤ የተባለ ቅጂ ይወጣል፤ ሕዋሱ ፕሮቲኖቹን የሚሠራው በዚያ ቅጂ መመሪያነት ነው። የአንድ ጂን ቅጂ ከበዛ ጂኑ ነቅቷል፤ ካነሰ ወይም ከጠፋ ተኝቷል ማለት ነው። ተመራማሪዎች የጂን ኤክስፕሬሽን የሚሉት ይህን የንቃት መጠን ነው።

ይህን ከሚውቴሽን ለይተን እንየው። ሚውቴሽን በጂኑ በራሱ ላይ የደረሰ ለውጥ ነው፤ ንቃት ደግሞ ጂኑ ምን ያህል እንደተነበበ የሚያሳይ ልክ ነው። ሁለቱ ግን ይገናኛሉ። በ2013 በአሜሪካ የ200 ጎልማሶች ማይሎይድ ሉኪሚያ ዲ ኤን ኤው ሲነበብ በአንድ ሕመምተኛ ላይ የተገኙት የተለወጡ ጂኖች በአማካይ 13 ብቻ ነበሩ፤ ከሌሎች የጎልማሳ ካንሰሮች ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው። እነዚያ ጥቂቶች ግን በመቶ የሚቆጠሩ ሌሎች ጂኖችን ያለ ጊዜያቸው ማንቃት ወይም ማስተኛት ይችላሉ። መብሰልን የሚያዙት ተኝተው መባዛትን የሚያዙት ነቅተው ሲቀሩ፣ ሕዋሱ በለጋነቱ ይቆማል።

ንቃትን በጅምላ መለካት የተቻለው በ1990ዎቹ፣ ማይክሮአሬይ የተባለው ቴክኖሎጂ ሲመጣ ነው፤ በአንድ ትንሽ ገጽ ላይ የሺዎች ጂኖች ቅጂ በአንድ ጊዜ ይለካል። በ1999 ቶድ ጎለብ፣ ኤሪክ ላንደርና ባልደረቦቻቸው በማሳቹሴትስ የ38 ሕመምተኞችን መቅኔ ወስደው የ6,817 ጂኖችን ንቃት ለኩ። ከዚያ ውስጥ 50 ጂኖችን መርጠው ማይሎይዱን ከሊምፎይዱ የሚለይ ስሌት ሠሩ። ስሌቱን ከዚያ በፊት ባላየው 34 ናሙና ላይ ሲሞክሩት በ29ኙ ላይ ቁርጥ ያለ መልስ ሰጠ፤ 29ኙም ልክ ነበሩ። ሐኪሞች ይህን ልዩነት በሌላ መንገድ ቀድመውም ያውቁት ነበር። የጥናቱ ትልቅነት፣ የጂኖቹ ንቃት ብቻውን ሁለቱን በሽታዎች መለየት መቻሉን ማሳየቱ ነው።

ከ5 ዓመት በኋላ ጥያቄው ከበሽታው ዓይነት ወደ ሕመምተኛው ቀሪ ዕድሜ ተሻገረ። በኤፕሪል 2004 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ሁለት ጥናቶችን በአንድ እትም አወጣ። የሮተርዳም ተመራማሪዎች 285 የማይሎይድ ሉኪሚያ ሕመምተኞችን በጂኖቻቸው ንቃት ብቻ 16 ቡድን ከፈሏቸው። አንዳንዱ ቡድን በክሮሞዞም (ጂኖችን በተሸከመው የዲ ኤን ኤ ጥቅል) ምርመራ ከሚታወቁ ዓይነቶች ጋር ገጠመ፤ ሌላው አዲስ ነበር። ኢቪአይ1 የተባለው ጂን ከመጠን በላይ የነቃበት ቡድን ለምሳሌ ዕድሉ የከፋ ሆኖ ተገኘ። የስታንፎርድና የጀርመኗ ኡልም ተመራማሪዎች ደግሞ ከ116 ጎልማሶች መረጃ 133 ጂኖች ያሉበት ዝርዝር አወጡ። ይህ ዝርዝር በክሮሞዞማቸው ላይ ምንም ጉድለት ያልታየባቸውን ሕመምተኞች ሳይቀር ብዙ የሚኖሩና ቶሎ የሚያርፉ ብሎ ለየ። ከጎልማሳ ሕመምተኞች ግማሽ ያህሉ ክሮሞዞማቸው ደኅና ይመስላል፤ ስለእነሱ ሐኪሙ ለመተንበይ የሚይዘው ጥቂት ስለነበር፣ ውጤቱ ብዙ ተስፋ አሳደረ።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በጋዜጣ ዜና ላይ የሚቀረውም ይህ ክፍል ነው። 20,000 ጂን ለክቶ፣ 100 ሕመምተኛ ይዞ፣ “ከቀሪ ዕድሜ ጋር የሚያያዘው የትኛው ነው?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልስ ማጣት አይችልም። ተመራማሪዎች በተለምዶ የሚቀበሉት የስሕተት ዕድል ከመቶ 5 ነው። ከ20,000 ጂን 5 በመቶው 1,000 ነው። ስለዚህ ምንም እውነተኛ ግንኙነት ባይኖር እንኳ 1,000 ያህል ጂኖች በአጋጣሚ ብቻ ከሞትና ከሕይወት ጋር የተያያዙ መስለው ይታያሉ። በ2011 የብራስልስ ተመራማሪዎች በጡት ካንሰር ላይ ይህን ፈተሹት። በዕጣ የተመረጡ የጂን ዝርዝሮች አብዛኞቹ ከሕመምተኞቹ ቀሪ ዕድሜ ጋር ተያይዘው ተገኙ፤ ከምግብ በኋላ መሳቅ በደም ሕዋሳት ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ ከተጠና ሌላ ሥራ የተወሰደ ዝርዝር እንኳ ተያያዘ። ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎች ሐቀኛ ቢሆኑም ዝርዝሩ ባዶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ የጂን ዝርዝር ሲነገረን የሚጠየቀው፣ ባልታዩ ሕመምተኞች፣ በሌላ አገር፣ በሌላ ሆስፒታል ተሞክሮ ጸንቷል ወይ የሚለው ነው።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። “ከፍተኛ ስጋት” የሚለው ቃል ለቤተሰብ እንደ ፍርድ ሆኖ ሲደርስ አያለሁ። ትንበያው የሚናገረው ስለ ብዙ ሰው ነው። ከ100 ተመሳሳይ ሕመምተኞች በ3 ዓመት 30ው ይተርፋሉ ሲባል፣ ፊት ለፊት የተቀመጠው አባት ከ30ው ይሁን ከ70ው ማንም አያውቅም። ደግሞም ያ ቁጥር የተገኘው ቀደም ባሉት ዓመታት ከታከሙ ሰዎች ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ መድኃኒት ካለ ቁጥሩ አያውቀውም።

ጸንተው ከቆሙት ዝርዝሮች አንዱ ከቶሮንቶ የመጣ ነው፤ ከሌሎቹ የሚለየው በአነሣሡ ነው። በ1994 ጆን ዲክና ባልደረቦቹ የሰው ሉኪሚያ ሕዋሳትን የሰውነት መከላከያ ወደሌላቸው አይጦች አስገቡ። በአይጡ ውስጥ በሽታውን እንደገና ማስነሣት የቻለው ከ250,000 ሕዋስ አንድ ያህል ብቻ ነበር። ቀሪው ብዙ ቢሆንም መንግሥቱ ያጠረ ነው፤ ተባዝቶ ያልቃል። እነዚያ ጥቂቶቹ የሉኪሚያ ግንድ ሕዋሳት ተባሉ። ብዙውን ጊዜ ያርፋሉ፣ ቀስ ብለው ይባዛሉ። ኬሞቴራፒ በዋናነት የሚመታው በመባዛት ላይ ያለውን ሕዋስ ስለሆነ፣ እነዚህ ከመድኃኒቱ ተርፈው ከወራት በኋላ በሽታውን ያስነሣሉ። በሽታው ጠፋ ከተባለ በኋላ የሚያገረሽበት ዋና ምክንያት ይህ እንደሆነ ይታመናል።

በ2016 ያው ቡድን ከ78 ሕመምተኞች የተወሰዱ ሕዋሳትን ለይቶ፣ አይጥ ላይ በሽታ ማስነሣት የቻሉትን ካልቻሉት ጋር አነጻጸረ፤ በሚያስነሡት ውስጥ የነቁትን ጂኖች መዝግቦ ወደ 17 አጠበባቸው። የ17ቱ ንቃት ተደምሮ አንድ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ከፍ ያለ ሕመምተኛ ለመደበኛው ኬሞ የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ነው፤ ዕድሜውም ያጥራል። በተለያዩ አገሮች በታከሙ ሕመምተኞች ላይ ሲሞከርም ውጤቱ ያው ሆነ። እኔ ይህን ሥራ ከብዙዎቹ የማስበልጠው ምክንያቱን ይዞ ስለተነሣ ነው። ቀድሞ “የሚያገረሸው የትኛው ሕዋስ ነው?” ብሎ ጠየቀ፤ ጂኖቹን የፈለገው ከዚያ በኋላ ነው።

ሆኖም ሕመምተኛው “ነጥብህ ከፍ ያለ ነው” ተብሎ ሕክምናው ካልተለወጠለት፣ ያተረፈው ጭንቀት ብቻ ነው። ትንበያ ዋጋ የሚያገኘው ሐኪሙ ነገ ጠዋት የሚያደርገውን ሲለውጥ ነው። ለዚህም ከሁሉ የሚበልጥ ምስክር አለን።

አጣዳፊ ፕሮማይሎሲቲክ ሉኪሚያ በአንድ ወቅት ከደም ካንሰሮች ሁሉ እጅግ የሚፈራ ነበር፤ ሕመምተኛው በቀናት ውስጥ በመድማት ይሞት ነበር። በዚህ በሽታ የ15ኛውና የ17ኛው ክሮሞዞም ቁርጥራጮች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ከዚያም ሁለት ጂኖች ተጋጥመው ፒኤምኤል-ራራ የተባለ ፕሮቲን ይወለዳል። ይህ ፕሮቲን መብሰልን በሚያዙ ጂኖች ላይ ተቀምጦ እንዳይነበቡ ያደርጋል። በ1980ዎቹ የሻንጋዩ ሐኪም ዋንግ ጄንዪና ባልደረቦቹ ከቫይታሚን ኤ የተገኘ፣ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ሞከሩ። በ1988 ባወጡት ዘገባ ከታከሙት 24 ሰዎች የሁሉም በሽታ ሸሽቶ ነበር። ኋላ እንደታወቀው መድኃኒቱ ያ ፕሮቲን ጂኖቹን አፍኖ የያዘበትን ያላቅቃል፤ ጂኖቹ ይነቃሉ፣ ለጋው ሕዋስ ይበስላል፣ ዕድሜውን ጨርሶም በራሱ ይሞታል። ካንሰርን በመርዝ ከመግደል ይልቅ ጂኑን አንቅቶ ወደ ሥርዓቱ መመለስ የሚቻል መሆኑ በሕመምተኛ ላይ የታየው እዚህ ነው። ከቻይና የመጣው ሌላው መድኃኒት፣ አርሴኒክ ትሪኦክሳይድ፣ ያንኑ ፕሮቲን ያፈርሰዋል። በ2013 በታተመ የአውሮፓ ጥናት፣ ስጋታቸው ዝቅተኛና መካከለኛ ከሆኑት ሕመምተኞች ሁለቱን መድኃኒቶች ያለ ኬሞ ከወሰዱት ውስጥ በሁለተኛው ዓመት 99 በመቶው በሕይወት ነበሩ፤ በአርሴኒኩ ፈንታ ኬሞ ከተሰጣቸው ወገን 91 በመቶው። ከማይሎይድ ሉኪሚያዎች ሁሉ አስፈሪው የነበረው ዛሬ ከሁሉ የሚድነው ሆኗል፤ ቶሎ ከታወቀና ከመድማቱ ከተረፉ።

በሊምፎይዱ በኩልም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በ1960 በፊላደልፊያ የተገኘው ያጠረ ክሮሞዞም በከተማዋ ስም ይጠራል፤ ሊምፎይድ ሉኪሚያ ካለባቸው ጎልማሶች ከአራቱ አንዱ ገደማ አለባቸው። ኢማቲኒብ የተባለው መድኃኒትና መሰሎቹ ከመጡ በኋላ የእነዚህ ሰዎች ዕድል በጣም ተሻሽሏል። በ2009 ግን የሆላንድና የአሜሪካ ተመራማሪዎች የጂን ንቃት ሲያነጻጽሩ አንድ እንግዳ ቡድን አዩ። ያጠረው ክሮሞዞም የለባቸውም፤ ጂኖቻቸው የነቁበት መልክ ግን ያላቸው ሰዎችን ይመስላል፤ ሕመማቸውም አብዝቶ ያገረሻል። በ2014 የወጣ ሰፊ ጥናት ይህ ዓይነት ስጋታቸው ዝቅተኛ ከሆነ ልጆች በ10 በመቶው፣ ከወጣት ጎልማሶች ደግሞ በ27 በመቶው እንደሚገኝ አሳየ። ከሥሩ ሲፈለግ ብዙ ሌሎች የተገጣጠሙ ጂኖች ተገኙ፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ ለኢማቲኒብና ለመሰሉ ለዳሳቲኒብ ይበገራሉ። በዚህ በሽታ ንቃቱ ቀድሞ ባይታይ ኖሮ ምክንያቱን ማን ይፈልግ ነበር?

በቅርቡ ደግሞ፣ በ2024 ማብቂያ፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ሬቩሜኒብን ፈቀደ። ኬኤምቲ2ኤ የተባለው ጂን ተቆርጦ ከሌላ ጋር በተጋጠመበት ሉኪሚያ፣ በለጋነት ብቻ መንቃት የሚገባቸው ሆክስኤ የሚባሉ ጂኖች ሳይዘጉ ይቀራሉ። መድኃኒቱ እነሱን አንቅቶ የሚይዘውን የፕሮቲኖች ጥምረት ያላቅቃል። የተፈቀደውም፣ ሌላ ሕክምና ለከሸፈባቸው ወይም በሽታው ላገረሸባቸው ነው።

የንቃት ልኬት ሕክምናው ከተጀመረ በኋላም ያገለግላል፤ ለብዙው ሕመምተኛ ከሁሉ የሚጠቅመውም ይህ ይመስለኛል። ከጎልማሳ ማይሎይድ ሉኪሚያ ሕመምተኞች 30 በመቶ ያህሉ ኤንፒኤም1 በተባለው ጂን ላይ ሚውቴሽን አላቸው። የተለወጠው ጂን አር ኤን ኤ በጤነኛ ሕዋስ ስለሌለ፣ በማይክሮስኮፕ የማይታይ የበሽታ ቅሪት በእሱ ይታደናል። በ2016 የታተመ የብሪታንያ ጥናት ከሁለተኛው ዙር ኬሞ በኋላ የሕመምተኞችን ደም መረመረ። ቅጂው ከደማቸው ሳይጠፋ ከቆየባቸው ሰዎች በ3 ዓመት ውስጥ 82 በመቶው አገረሸባቸው፤ በሕይወት የነበሩት 24 በመቶ ናቸው። ቅጂው ከጠፋላቸው 30 በመቶው ብቻ አገረሸባቸው፤ 75 በመቶው በሕይወት ነበሩ። ሐኪሙ ይህን ይዞ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ያስፈልግ እንደሆነና እንዳልሆነ ይወስናል። ንቅለ ተከላው ራሱ ሕይወት የሚያሳጣ ስለሆነ፣ የማያስፈልገውን ሰው ከዚያ ማዳንም ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ በሆስፒታል ውስጥ ባለ 133 ወይም ባለ 17 ጂን ዝርዝር ለምን የዕለት ሥራ አልሆነም? አር ኤን ኤ ቶሎ ይበላሻል፤ ናሙናው በአያያዝ ከተጎዳ ልኩ ይሳሳታል። አንዱ ላቦራቶሪ የለካው ቁጥር ከሌላው መሣሪያ ቁጥር ጋር እንዲገጥም ማድረግም አድካሚ ነው። በዚህ ምክንያት የአውሮፓ ሉኪሚያ ባለሙያዎች በ2022 ያደሱት መመሪያ ሕመምተኛውን የሚመድበው በዋናነት በክሮሞዞምና በሚውቴሽን ነው።

ሌላው ጉድለት መረጃው የተሰበሰበው ከማን ነው የሚለው ነው። ከላይ ያነሣኋቸው ጥናቶች በብዛት የተሠሩት በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ፣ በአብዛኛውም በነጮች ላይ ነው። በ2021 በአሜሪካ በወጣ ጥናት፣ ከ60 ዓመት በታች የሆኑ ጥቁር የማይሎይድ ሉኪሚያ ሕመምተኞች ከነጮቹ ያነሰ ጊዜ ይኖሩ እንደነበር ታየ፤ በምርምር ሙከራ ውስጥ ተመሳሳይ ሕክምና ባገኙትም መካከል ልዩነቱ አልጠፋም። በነጮች ላይ ትርጉማቸው የተረጋገጠ አንዳንድ የጂን ምልክቶችም በጥቁሮቹ ላይ እኩል ክብደት አልነበራቸውም። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በስቶክሆልም የሚታከም ኢትዮጵያዊ ይህን ሊያውቀው ይገባል። ሐኪሙ “ከናሙናህ የተረፈውን ለምርምር እናስቀምጠው?” ብሎ ፈቃድ ሲጠይቀው፣ እሺ ማለቱ የእሱን መሰል ሕመምተኞች ወደ መዝገቡ ያስገባል።

ቤተሰብ በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙን የሚጠይቃቸው ጥቂት ጥያቄዎች አሉ። ፕሮማይሎሲቲክ መሆን አለመሆኑ ታይቷል? ይህ ከተጠረጠረ ከቫይታሚን ኤ የተገኘው መድኃኒት የምርመራ ውጤት ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ይጀመራል። ኤፍኤልቲ3 የተባለው ጂንና ኤንፒኤም1 ተመርምረዋል? የኤፍኤልቲ3 ሚውቴሽን ላለባቸው ከኬሞው ጋር የሚሰጥ ሚዶስታውሪን የተባለ መድኃኒት አለ፤ በ2017 ተፈቅዷል። ሊምፎይድ ከሆነ ደግሞ የፊላደልፊያው ክሮሞዞምና እሱን የሚመስለው ዓይነት ተፈልጓል? የበሽታውን ቅሪት ወደፊት የምንከታተለው በየትኛው ምልክት ነው? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ከመጀመሪያው መድኃኒት በፊት ከዳሌ አጥንት በተቀዳ መቅኔ ወይም ከክንድ በተወሰደ ደም ነው። ኬሞው ከገባ በኋላ የሕዋሳቱ ቁጥርና የጂኖቻቸው ንቃት ይለወጣል፤ ያ መነሻ ናሙና ካልተቀመጠ ኋላ የሚመጣው ውጤት የሚነጻጸርበት ነገር አይኖርም።